የጋሽ በላይነህ ቀይ መኪና ምን ነካት?

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ስፖርት መኪና የሚያምረው ፈሪ ሰው ነው። ደፋሩማ በቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ ይሄዳል። እኔ ካምፓላን ዘጠኝ ዓመት ያየኋት ከቦዳ ነጂ ጀርባ ተለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ስለዚህ ኮሎሎ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ያገራችን ሰው ጋሽ በላይነህ ቀይዋን ባለ ሁለት በር መኪናቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ልቤ ተነሣ። ዕድሜዋ ከመጀመሪያ ልጄ ይበልጣል። ግን ምን ታደርጉታላችሁ፣ ታምራለች!

ጋሽ በላይነህ ንዳትና እያት ብለው ቁልፉን ሰጡኝ፤ ራሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። መንዳት አዲስ አበባ ታክሲ ላይ የኖርኩበት ሙያ ነው። እዚህ አገር ግን መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር።

ወደ ካምዎክያ ቁልቁል ስንወርድ ማርሽ ልቀይር እጄን ሰደድ አደረግሁ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በሩ ብርግድ አለ! አስፋልቱ ከጎኔ ይሮጣል። እንደምንም ስቤ ዘጋሁትና ዳር ልይዝ ፍሬቻ ሳበራ፣ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያው ተነሥቶ መስታወቱን ይፈገፍገው ጀመር። ዞር ብል ጋሽ በላይነህ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ባለቤቷ እንዲህ ከፈሯት እኔ ምን ልሁን? ይህቺ መኪና የተደበቀ ጉድ አለባት፣ ገዝቼም የምሞትባት እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ።

ታዲያ የምርመራ ወረቀቷን አትጠይቅም ነበር? ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ጠይቁ! በሠርጌ ዕለት የአባቴን ቦታ የያዙ ሰው፣ መኪናዎ ተጋጭታ ታውቃለች ወይ ተብለው ይጠየቃሉ? አላምንዎትም ማለት አይደለም? ሌላው ሕዝብ ስልኩን አንሥቶ በአንድ ደቂቃ ይገላገለዋል። እኛ ይሉኝታ አለብን። ሦስት ቀን ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ናሙዎንጎ ሰፈር ያለው የሱቄ በር ሲከፈት እንኳ እበረግግ ነበር።

በመጨረሻ አባቶቻችን ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው የሚያደርጉትን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እዚህ ስፔሻል የሚሉትን ኮንትራት ታክሲ ተከራይተው ኮሎሎ ወጡ። እንደ ወጉም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ በላይነህ በድንጋጤ ልጄ ገና ተማሪ ናት አሉ አሉ። የተፈለገችው መኪናዋ መሆኗን ሲሰሙ እፎይ ብለው ፋይሏን አወጡ።

ሽማግሌዎቹ ሱቄ ሲመለሱ ፊታቸው ደስ አይልም ነበር። ፋይሉን ገለጥኩ። ከጃፓን ስትነሣ ተመርምራለች፤ እዚህም በየዓመቱ ጋራዥ ታይታለች። ፍሬኑ ደህና፣ በሩ ደህና፣ መጥረጊያው ደህና። ታዲያ ያን በር ማን ከፈተው? ብዬ ጮኽሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ተሾመ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ልጄ፣ ጋሽ በላይነህ ሁሉን ነግረውናል፤ እዚህ አገር መሪው በቀኝ ነው፤ ማርሹ በግራ እጅህ በኩል ነበር አሉኝ። እኔ ለካ እንደ አዲስ አበባው ቀኝ እጄን ሰድጄ የያዝኩት የበሩን መክፈቻ ኖሯል። ፍሬቻ ብዬ የነካሁትም የመጥረጊያውን ነው። ጋሽ በላይነህ ይህን ሁሉ እያዩ፣ ልጁ ያፍርብኛል ብለው፣ ሞትን አጠገባቸው አስቀምጠው ዝም ብለዋል።

ምስጋና ይግባቸውና በሽማግሌዎቹ በኩል መልእክት ልከውልኛል። መኪናዋን ለኔ ለመሸጥ አሁንም ፈቃደኛ ናቸው፤ በመጀመሪያ ግን የኔን የምርመራ ወረቀት ማየት ይፈልጋሉ።