የጉድጓዱ ንጉሥና የእኔ አፍ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ድሬዳዋ ይመጡ የነበሩትን የሞስኮ የተረት ፊልሞች ያያችሁ አላችሁ? የካውቦዩን ፊልም አይተን በሩ ላይ ነበር የምንረሳው። የሞስኮው ግን ተከትሎን ቤት ይገባል። በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ካናቴራችን ጀርባችን ላይ ተጣብቆ፣ በረዶ የለበሰ ደን ስናይ ይበርደን ነበር። ወላሂ፣ ጥርሴ ተንገጫግጯል!

አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። አስተርጓሚያችን ዩሱፍ እንደ ልማዱ መጋረጃው አጠገብ ቆሞ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በሱማሌኛ ይነግረናል። እኛም ዝም ብለን የምናይ ሰዎች አይደለንም፤ ተዋናዩን እንመክራለን፣ እንሰድባለን። መንገደኛው ጠምቶት ጉድጓድ ላይ ሲያጎነብስ አንድ እጅ ወጥቶ ጺሙን ጨመደደው። የውሃው ንጉሥ ነው። «ቤትህ ውስጥ ካለው፣ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ስጠኝና ልልቀቅህ» አለው ብሎ ዩሱፍ ተረጎመ። መንገደኛው ያመነታል። እኔን ምን አንቀዠቀዠኝ? ብድግ ብዬ «ስጠው አቦ! ማንም የማያውቀው ነገር ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ጮህኩ። ንጉሡ መንገደኛውን ትቶ ወደ እኔ ዞረና፣ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። ሰባት ዓመት ልጅ አጥተን፣ ያልተሳልንበት ቦታ የለም። «እርግጠኛ እስክሆን ብዬ ነው ያልነገርኩህ፤ ካረገዝኩ ሦስት ወሬ ነው» አትለኝም! ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ደስታ መሰላት። እኔ ግን ልጄን አሳልፌ ሰጥቼ መምጣቴ ነው።

በማግስቱ ዩሱፍ ዘንድ ሮጥኩ። መጨረሻው እንዴት ነው፣ ንጉሡ መጥቶ ይወስዳል ወይ ብዬ ብጠይቀው ከት ብሎ ሳቀ። የሩሲያኛ አንድ ቃል እንኳ እንደማያውቅ፣ ሁሌም አፉ ላይ የመጣለትን እንደሚናገር ነገረኝ። ተመስገን ልል ስል ሳቁን አቆመ። ያን ቀን ግን ቃሉ ከየት እንደመጣለት እሱም አያውቅም። ይባስ!

ከዚያ ወዲያ ደቻቱን፣ ያንን ጋራው ላይ ሲዘንብ ሳይታሰብ የሚሞላ የአሸዋ ወንዛችንን፣ በደረቁም መሻገር ተውኩ። አልማዝንም ውሃ እንዳትቀዳ ከለከልኳት። የግቢውን በርሜል ሳይቀር ከድኜ ድንጋይ ጫንኩበት። ሲመራት ጊዜ አፋጠጠችኝ። እያለቀስኩ ነገርኳት።

«አንተ ሞኝ! ማንም የማያውቀውን አይደል ያለው? እኔ አላውቅም ነበር እንዴ? ልጄ ውሉ ውስጥ የለም!»

እፎይ! ዳኛ ብትሆን እንዴት ባማረባት! አገላብጬ ሳምኳት። እሷ ግን ቤቱን ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ እሺ ብሎ የነቀነቀው ምን አግኝቶ ነው?» አለችኝ።

ልጃችን በሰላም ተወልዳ፣ ይኸው ትምህርት ቤት ገብታለች። እኛ ግን ቤታችን ውስጥ ምን እንደጎደለ እስከ ዛሬ እየፈለግን ነው።