ራሱን የሚያሰልፍ ፕላስቲክ

እኛ ሰዎች ያለ ተቆጣጣሪ መሰለፍ እንደማንወድ እናንተም ታውቃላችሁ። ወረታ መናኸሪያ የሐሙሲት ሚኒባስ በሩን ሲከፍት ብቅ ብላችሁ እዩ፤ ሽማግሌ የለ፣ ቄስ የለ፣ ነገሩ በክርን ይዳኛል። ታዲያ የእህቴ ልጅ ትርንጎ፣ «ጋሼ፣ ማንም ሳያዘው ራሱን የሚያሰልፍ ፕላስቲክ አለ፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል» ብትለኝ እንዴት ልመን? እኔ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ስንት ዘመን «ፕላስቲኩን ያዙት፣ አይነዝርም» እያልኩ ስሸጥ ኖሬ!

ትርንጎ ባሕር ዳር ኬሚስትሪ ትመራመራለች። የፕላስቲኩን ፈሳሽ መስታወት ላይ ስትቀባው፣ ዓይን የማያያቸው ክሮች እየደረቁ ጎን ለጎን መደርደር አለባቸው፤ በተደረደሩበት መስመር ኤሌክትሪክ ያልፋል። ይህ ከሆነ፣ የሩዝ ማሳን የውሃ ልክ የሚናገር ርካሽ መሣሪያ እንደ ጋዜጣ ማተም ይቻላል። ችግሩ፣ ክሮቹ ይተራመሱባታል።

በክረምቱ ትምህርቷን ልትተው ቆርጣ መጣች። ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቢዘጋው እኔ ዘንድ አረፈች።

«አንዴ አሳይኝና ተይው» አልኳት።

ከጎረቤቴ ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተውሳ፣ ይዛው በመጣችው ፈሳሽ አንድ መስታወት ቀባች፤ በሙቅ አየር አድርቃ በባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፖል ሞከረችው። ምንም። ሁለተኛውን ቀብታ ማድረቂያውን ልትሰካ ስትል መብራት ሄደ።

«በቃ፣ ይሄም አደመብኝ!» አለችና፣ እርጥቡ መስታወት ላይ ሳህን ደፍታበት ወጣች።

ጠዋትም መብራት የለም። መስታወቱን ልትጥል ስታነሳ፣ «ሞክሪው እንጂ» አልኳት። ሽቦዎቹን በቁመቱ ነካ አደረገች። አምፖሏ በራች። በወርዱ ነካች፤ ጠፋች። እኔ ተበላሸ ብዬ ስደነግጥ፣ እሷ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ሳህኑ ሥር ቀስ ብለው ሲደርቁ ተሰልፈዋል ጋሼ! በሰልፋቸው በኩል ብቻ ነው የሚያሳልፉት። ለካ እኛው ነን በሙቀት እያጣደፍን ያተራመስናቸው!»

ወዲያው ለአባቷ ለመሪጌታ ደወለች።

«እሰይ ልጄ! ታዲያ ልትተይው ነው?»

«ኧረ አባባ! ነገ ባሕር ዳር እገባለሁ።»

«እንግዲያው ሲያልቅልሽ መጀመሪያ እኛ ማሳ ላይ ሞክሪው» አሏት።

ለማረጋገጥ ሦስተኛ መስታወት ቀብታ ሳህን ደፋችበት። ረፋዱ ላይ መብራት መጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ፀጉር ሠሪዋም እየሮጠች ገብታ፣ «በይ ማድረቂያውን ሰኪው፣ ሳይሄድ!» አለቻት።

ትርንጎ ሳህኑን በሁለት እጇ አቅፋ፣ «በእናትሽ፣ ወዲያ ውሰጅልኝ!»

መብራት በመምጣቱ የተጨነቀ የወረታ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።