ለጋሽ ሙላቱ የተቀመጠው እንገር

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ ሁሉን አዋቂ አይጠፋም። የዙሪክ ድርሻ ጋሽ ሙላቱ ናቸው። ክቡርነታቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኦርሊኮን ካለው ሶፋቸው ሳይነሱ ጉበትም፣ ትዳርም፣ የመኪና ሞተርም በስልክ ያክማሉ። ምክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው በትእዛዝ ነው፦ «ጻፊ፣ ልጄ!»

የአብሮ አደጋቸው ልጅ ሔዋን ጄኔቭ አቅራቢያ፣ ከቨርሷ ከተማ በላይ በሚገኝ የከብት እርሻ አፕረንቲሳጅ (የሙያ ልምምድ) ስትጀምር፣ ጋሽ ሙላቱ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ሆኑ። የፒያሳ ልጅ ናቸው፤ ከላም ጋር የተዋወቁት በሥጋ ቤት በኩል ነው። ቢሆንም ሔዋን በረቱ እንደሚበርድ ስትነግራቸው «ጻፊ! ጥጃውን ጋቢ አልብሺው!» አሉ። ሳቀችባቸው። በማግስቱ የእርሻው ባለቤት ማዳም የጥጃ ካፖርት ከቁም ሣጥን አውጥታ አለበሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሔዋን ጋሽ ሙላቱን እንደ ነቢይ ታያቸው ጀመር። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው።

በዚያ ክረምት እርሻው ሦስት ጥጆች ሞተውበታል። «የሚቀጥለው በአንቺ እጅ ነው» አለቻት ማዳም። አንድ ማለዳ ላሟ ወለደች። ማዳም «አሁኑኑ ሦስት ሊትር እንገር አጠጪው» ብላ ወተት ልታደርስ ሄደች። ሔዋን ስልኳን አነሣች።

«ሦስት ሊትር? ሊገድሉት ነው? ጻፊ! እንገር ሲበዛ ጥጃ ያስቀምጠዋል። ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። የቀረውን ፍሪጅ አስገቢው። እሑድ ድስት ይዤ እመጣለሁ።»

ማዳም ስትመለስ ጥጃው ጆሮውን ጥሎ ተኝቷል። ፍሪጁን ከፈተች። ዕቃው ላይ በፈረንሳይኛ «ለአጎቴ» ተብሎ ተጽፏል።

«አጎትሽ ጥጃ ነው እንዴ?»

ሔዋን መሬት ብትውጣት ወደደች። ማዳም ግን እንገሩን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እያሞቀች በትዕግሥት አስረዳቻት። ጥጃ ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበት ኃይል የለውም፤ የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው። አንጀቱም ያንን የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በሩ እየጠበበ ሄዶ ይዘጋል። ሔዋን ጡጦውን ይዛ ተንበረከከች። ወደ ማታ ጥጃው ተነሥቶ ጡጦውን በግንባሩ ሲጎሽም፣ እሷም አለቀሰች፣ ሳቀችም።

እሑድ ጋሽ ሙላቱ ከነድስታቸው ደረሱ።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ምክር ሊሞት ነበር።»

አሁን ካፖርቱን የለበሰው ይኸው ጥጃ ጣታቸውን ይዞ ይጠባ ጀመር። ጋሽ ሙላቱ በነፃው እጃቸው ከኪሳቸው እስክሪብቶና ወረቀት አወጡ፤ ድስቱን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው ጠረጴዛ አደረጉት።

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ። «ልጻፍ።»

በሳምንቱ ሂሩት የምትባል ጓደኛዋ ከዙሪክ ደወለችላት። «ጋሽ ሙላቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰብስበውን ‹ጻፉ!› እያሉ ስለ እንገር ሲያስተምሩን ዋሉ። ማን አስተማረዎት ስንላቸው፣ ‹ጄኔቭ አንዲት መምህር አለችኝ› አሉን። ማን ናት?»