አገጬን የወደደው ኮምፒውተር

ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ አንድ የማይድን በሽታ አለበት፤ የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው! እኔን ግን ማንም ስላላስተማረኝ የማላውቀው ነገር የለም። አትሳቁ። ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩት ማንም ሳያሳየኝ ነው። አንዳንድ ብሎን ተርፎኝ ይሆናል፤ ሬዲዮው እስካወራ ድረስ ግን ትርፉ የፋብሪካው ስህተት ነው።

ፎቶ ማንሳትንም የተማርኩት ከአንድ የተሰበረ ካሜራ ጋር ብቻዬን ተፋጥጬ ነው። ከዚያ ወላይታ ሶዶ ላይ ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ስንት ሙሽራ፣ ስንት ተመራቂ፣ ስንት መታወቂያ አውጪ አሳመርኩ መሰላችሁ! እስቲ የአባቶቻችሁን የድሮ መታወቂያ አውጥታችሁ እዩት። አገጩ ወደ ፊት ወጣ ካለ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይህ የራሴ ግኝት ነው። ሰው አገጩን ሲያወጣ የአንገቱ ሽብሽብ ይወጠራል፣ ፊቱ ይረዝማል፣ ባለ ሱቁ ባላባት ይመስላል። “አገጭ ወደ ፊት! ጥርስ ገጠም! አትተንፍስ!” እል ነበር። ተንፍሶ ያበላሸብኝ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጥርሴ ልግባ። ያ ሁላችንም አንድ ለአምስት የተደራጀንበት ዘመን ነበር። የታችኛው ጥርሴ በሚገባ ተደራጅቶ ቆመ። የላይኛው ግን ከኋላ ካሉት መንጋጋዎች በቀር አንድ በአንድ ከድቶኝ አለቀ። የላይ ጓደኛ የሌለው የታች ጥርስ ደግሞ ሰብሳቢው የቀረበት ስብሰባ ነው። ሁሉም ተሰልፎ ተቀምጧል... ሥራ የለም።

በዘወትር ቀን ይህ አያስጨንቅም። የተቀቀለ ቦዬ፣ ያ የኛ ሥራ ሥር፣ በድድ ይበላል። ችግሩ ጊፋታ ነው! የወላይታ አዲስ ዓመት ሲመጣ በጋራ የገዛነው በሬ ይታረዳል፤ እኛ ወንዶች ክብ ሠርተን ጥሬ ሥጋ እንበላለን። አበላሉ ሥርዓት አለው። ሥጋው ዳጣ ውስጥ፣ ማለትም እንባ በሚያስመጣው የቃሪያ ማባያችን ውስጥ ይጠቀሳል፤ ጫፉ በፊት ጥርስ ይነከሳል፤ ከዚያ ቢላዋው ከከንፈር ፊት ሸርተት ይላል። የፊት ጥርስ የሌለው ሰው በምን ይነክሳል?

ባለፈው ጊፋታ ጎረቤቴ አቶ አንጁሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አለ? “ለእሱ ከትፋችሁ ስጡት! ከልጆቹ ጋር አስቀምጡት፣ እዚህ ይታነቅብናል!” አስቀመጡኝ። በሁለት የልጅ ልጆቼ መካከል ተቀምጬ ማንኪያ ተሰጠኝ። ማንኪያ! አንዷማ “አያ፣ አፍህን ላብስልህ?” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ለሽምግልና የሚጠራኝ ጠፋ። ከልጆች ጋር የበላን ሰው ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ለራሴ ማልኩ፤ ዘንድሮ ወይ በጥርሴ ክቡ ውስጥ እገባለሁ፣ ወይ ጊፋታን ታምሜ እተኛለሁ።

በዚያው ሰሞን ከተማችን ውስጥ አንድ ክሊኒክ አዲስ መሣሪያ አስመጣ ተባለ። ድሮ የጥርስ ልክ ሲወሰድ አፍ ውስጥ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ይጠቀጠቅ ነበር። አሁን የበቆሎ ቆረቆንዳ የምታህል ካሜራ አፍ ውስጥ ትዞራለች፤ ድዱ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ጥርሱን ይነድፋል። ካሜራ ሲባል ስሰማ ልቤ ዘለለ። የኔው ሙያ!

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። አስተኛችኝና ካሜራዋን አነሳች።

“አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ።”

“ልጄ፣ መብራቱ ከጎን ቢሆን ይሻላል።”

“መብራቱ እኮ ካሜራው ላይ ነው።”

“ለዚህ ነው የምልሽ። ከፊት የመጣ መብራት ፊት ያሰፋል።”

“የማነሳው ፊትዎን አይደለም አባባ፣ ድድዎን ነው።”

“ድድም ቢሆን ይሰፋል!”

ሳቋን ውጣ ሥራዋን ቀጠለች። ስክሪኑ ላይ ድዴ ብቅ አለ። ምን ልበላችሁ... ዳሞታ ተራራን ያከለ፣ ሮዝ፣ ሸለቆና ገደል ያለው አገር! እንዲህ ያለ ድድ ይዤ ሳላውቀው መኖሬ ቆጨኝ።

“ጎበዝ” አለችኝ። “አሁን እንደ ወትሮው ይግጠሙ። ሲያኝኩ እንደሚገጥሙት።”

ካሜራዋ ወደ ጉንጬ ተጠጋች። እናንተዬ፣ ፎቶ አንሺ ሆኖ ያረጀ ሰው ካሜራ ሲጠጋው ወትሮ የሚባል ነገር አለው? አገጬ በራሱ ጊዜ ወጣ። ትንፋሼንም ያዝኩ።

“አባባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚገጥሙት?”

“ከተወለድኩ ጀምሮ።”

“አገጭዎ ትንሽ ወጣ አላለም?”

“የዘር ነው።”

“ጥርሱ የሚሠራው በዚህ ምስል ልክ ነው። ምስሉ ከተሳሳተ ማኘክ አይችሉም።”

“እኔን ስለ ምስል ታስተምሪኛለሽ? አንሺ!”

አነሳች።

ከዚያ ምስሉ በኢንተርኔት ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያ ያለ ማሽን ጥርሱን ይቀርጻል። ተላከ፤ ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ! አፌ ሆሳዕና አካባቢ ቀርቷል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ እቆማለሁ። “አፌ ገባ?” “ገና ነው አባባ።” ጊፋታ እየቀረበ ነው፣ አንጁሎ በሬውን አይቶ መጥቷል፣ የእኔ አፍ ገና መንገድ ላይ!

ኔትወርኩ ተመለሰ፤ ጥርሴም በጊፋታ ዋዜማ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ በካርቶን ሆኖ ገባ። ዶክተሯ አጠለቀችልኝና መስታወት ሰጠችኝ። መስታወት ያው የካሜራ ወንድም ነው፤ አገጬ ወጣ። ቀጭ! የላይና የታች ተሳሳሙ።

“ልክ ነው?”

“ልክ ብቻ? ውበት ነው!”

ቤት ገብቼ ቂጣ ቆረስኩ። እዚያ መስታወትም ካሜራም የለ፤ አገጬ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ የታችኞቹ ጥርሶቼ ከላይኞቹ ኋላ ገብተው ጠፉ። ሞከርኩ፣ ደገምኩ... ቂጣው እንደተቆረሰ ወጣ። አገጬን አወጣሁ፤ ቀጭ! ደቀቀ።

“የማርቆስ አባት፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው የመጣኸው?” አለች ባለቤቴ።

“እያኘክሁ ነው።”

“እንዲህ አፍጥጠህ?”

“ቴክኖሎጂ ነው።”

“ዛሬውኑ ተመለስና ለልጅቷ ንገራት።”

“ክሊኒኩ ለበዓል ተዘግቷል። ደግሞ ምን ብዬ ነው የምነግራት? መሣሪያው አልተሳሳተም። ከአገጮቼ ሁሉ የተሻለውን መረጠ፣ በቃ!”

በማግስቱ ክቡ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አንጁሎ ገና ሲያየኝ “ኧረ ጌታው መጡ! ክትፎው የታለ? ማንኪያ አምጡ!” አለ። ሁሉም ሳቀ። ሥጋዬን አነሳሁ፣ ዳጣ አስነካሁ፣ አገጬን እንደ ጀልባ ወደ ፊት ገፋሁና... ቀጭ! ቢላዋዬ ሸርተት አለች። አኘክሁ። ዋጥኩ። ሳቁ ቀጥ አለ።

“ጥርሱስ ይሁን” አለ አንጁሎ ዓይኑን አጥብቦ፤ “አገጭህ ምን ነካው?”

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰው ሁሉ ቢላዋውን ይዞ መልሴን ይጠብቃል። እውነቱን ብናገር ወደ ልጆቹ ልመለስ ነው።

“አንጁሎ፣ አንተ አልሰማህም እንዴ? በኮምፒውተር ተጠንቶ ተደርሶበታል። ሰው እስከ ዛሬ የሚያኝከው በስህተት ነው። አገጭ ሲወጣ ሥጋው ይልማል፣ ሆድ አይነፋም።”

ጨጓራ የሚያስቸግራቸው አቶ ቶማ ነገሩን በቁም ነገር ያዙት። አገጫቸውን አውጥተው አኘኩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። “እውነትም ቀለል ይላል!” አሉ። ቀጥሎ ከጎናቸው ያለው ሞከረ። ቀጥሎ የዚያ ጎረቤት። ጥቂት ቆይቶ ክቡ በሙሉ ለመታወቂያ ፎቶ የተሰለፈ ይመስል ነበር! አንጁሎ ለረጅም ጊዜ እንደ ወትሮው አኘከ። በኋላ ግን ማንም የማያየው መስሎት ቀስ ብሎ... አወጣት። አየሁት። እንዳላየ ሆኜ ሥጋዬን ቆረጥኩ። ትልቅ ሰው ነኛ!

በዓሉ አልፎ ክሊኒኩ ሲከፈት ዶክተሯ ስልክ ደወለች።

“አባባ፣ ምንድን ነው የሠሩት? ሽማግሌዎች እየመጡ ‘እንደ እሱ አገጬን አስተካክይልኝ’ ይሉኛል! ምስልዎን ደግሜ አየሁት፤ አገጭዎን አውጥተው ነበር። ይምጡና እንደገና እናንሳው፤ በዚህ ዓይነት መንጋጋዎ ይጎዳል።”

እውነቷን ነው፤ ይህን የምጽፍላችሁ ጆሮዬ ሥር ያለው መጋጠሚያ እየጠዘጠዘኝ ነው። ግን እንዴት ብዬ ልመለስ? ትናንት ለሽምግልና ጠርተውኛል። የተጣሉትም፣ ዳኞቹም ምሳ ሲቀርብ እኔን እያዩ ነው የሚያኝኩት።

“ልጄ፣ አልችልም” አልኳት። “አሁን እኔ አገጬን ባስገባ ከተማው ጾሙን ያድራል።”

ስለዚህ ሶዶ መጥታችሁ አገጩን አውጥቶ የሚያፈጥባችሁ ሽማግሌ ካያችሁ መንገድ አትለውጡ። አልተቆጣም፤ ምሳ ላይ ነው።