የአቆርዳት ሰዓት እላፊ

ነፃነት ጆሮ ላይ ቶሎ ይደርሳል፤ እግር ድረስ ለመውረድ ግን ጊዜ ይፈጅበታል። ይህን የምለው በቂ ጥናት ካደረግኩ በኋላ ነው። ጥናቱን ያካሄድኩት የብስክሌት ኮርቻ ላይ ስለነበር ውጤቱ ለብዙ ቀን ወንበር ላይ አላስቀመጠኝም። እኛ የአስመራ ልጆች በጦርነቱ ዘመን የነዳነው መንገድ ቢዘረጋ ካይሮ ባደረሰን ነበር። ግን አልተዘረጋም፤ ተጠቀለለ። ከማይ ጭሆት ተነስቶ እስከ ዓዲ ኣበይቶ ኬላ፣ ከዚያ ዞር፣ ከዚያ ሳይመሽ ቤት። ያኔ ሰዓት እላፊን ያላከበረ ሰው ሌላ ነገር ለማክበር ዕድል አያገኝም ነበር።

ነፃነት በመጣ ሰሞን፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ጓደኛዬ ግርማይ በብስክሌት አቆርዳት እንሂድ አለኝ። አውቶቡስ የለም ወይ ትሉኛላችሁ። አለ። ዕድሜውን ክብ ሲዞር የኖረ ሰው ቀጥ ያለ መስመር ሲያገኝ ሄዶ ቲኬት ይቆርጣል እንዴ?

ግርማይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ለጉዞው ብሎ ሱሪውን ተኩሶ ሽንኩርት የሚቆርጥ ስለት አውጥቶለታል። እናቱ አደይ ለተብርሃን አቆርዳት ከእህቱ ጋር ናቸው፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ አልተያዩም። ሲለያዩ እሱ ባለ ጎፈሬ ጎረምሳ ነበር። አሁን ጎፈሬው ሄዷል፤ የቀረው ቦታው ነው። «ባታውቀኝስ?» ይለኛል በየማለዳው። እናት እንዴት ልጇን አታውቅም እለዋለሁ፤ እሱ ግን የደረት ኪሱን ይዳብሳል። እዚያ የጎፈሬው ዘመን ፎቶ የተለጠፈበት አሮጌ መታወቂያ አለ።

ዓዲ ኣበይቶ ስንደርስ ኬላው ባዶ ነው። ብስክሌቴ ግን ዞረች። እኔ አላዞርኳትም፣ እምላለሁ። ግርማይም ተከትሎኝ ዞሯል። ሁለታችንም በኩራት ወደ አስመራ ስንገሰግስ፣ መንገድ ዳር የቆሙ ሴቶች በሳቅ ሲፈርሱ ነው የነቃነው። እንደገና ሞከርን። ኬላውን አልፈን ከፊታችን ማንም የማያዞረን መንገድ ሲዘረጋ፣ ያለ አንዳች ምክንያት መጮህ ጀመርን። ንፋሱ አፋችን ውስጥ ይገባል፣ እኛ እንጮሃለን፣ ቁልቁለቱ ይበራል። እናንተም ብትሆኑ ትጮሁ ነበር።

የመንገድ ኑሮ ግን በጩኸት አይለመድም። ዓዲ ተከሌዛን አንዲት ሴት ሻሂና ትኩስ ቅጫ ይዘው ሲወጡ፣ እኔና ግርማይ ሳንነጋገር ተሰለፍን። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። የዳቦ ሰልፍ ያሳደገው ሰው ሌላ ምን ያድርግ! ሴትዮዋ ከኋላዬ ሌላ ሰው እየመጣ እንደሆነ አንገታቸውን አውጥተው አዩ።

ከዛፍ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ግርማይ ከብስክሌቱ ዘሎ ወርዶ መታወቂያውን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። ሽማግሌው ተቀብለው አገላበጡት፤ ግራ ገብቷቸው መለሱለትና፣ «ወዲ መን ኢኻ?» አሉት፤ የማን ልጅ ነህ ማለታቸው ነው። መታወቂያው ላይ ተጽፏል ሊል ምንም አልቀረው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ባሰብን። ማንም ሳያባርረን እየተሯሯጥን አንድ ጎጆ ገባን፤ ባለቤቱ ጅብ አይታችሁ ነው ወይ አለን። በማግስቱ ከረን ከተማ ሳንደርስ መሸብን፤ በድፍረት ሜዳ ላይ ተኛን፤ ግን ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን በሹክሹክታ እያወራን። በሦስተኛው ቀን ተገራን። ሳንሰለፍ በላን። ያገኘነውን ሁሉ ሰላም አልን፤ መታወቂያ አላሳየንም። ነፃነት እግሬ ደረሰ ብዬ አወጅኩ። ግርማይም ማታ ከእናቱ ጋር ከበላን በኋላ፣ በአቆርዳት ዘንባባዎች ሥር በጨረቃ እንደምንንሸራሸር ቃል ገባልኝ። ምሽትን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው ደስታ ይታያችሁ።

አቆርዳት ገባን። አደይ ለተብርሃን ደጅ ላይ ቆመዋል። ግርማይ ከብስክሌቱ ወረደ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ መላጣው እያበራ። «አደይ» ሊል አፉን ከፈተ። እጁ ግን የለመደውን አደረገ፤ መታወቂያውን አውጥቶ ለገዛ እናቱ ዘረጋላቸው።

ተቀበሉት። ፎቶውን አዩ፣ እሱን አዩ።

«እኔ ነኝ፣ አደይ» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ገና ወንዙን ስትሻገር አውቄሃለሁ። ብስክሌት ላይ አንገትህን ወደ ግራ የምታጣምም አንተ ብቻ ነህ። ስንት ጊዜ ቀና በል ብዬሃለሁ?»

ከዚያ አቅፈው አለቀሱ፤ እሱም፣ እህቱም፣ እኔም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። መታወቂያውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ሽቅብ ፀሐይዋን አዩ፤ ገና ለመጥለቅ ሰፊ ጊዜ አላት።

«ግቡ፣ መሽቷል» አሉ።

ግርማይ በትሕትና፣ ሰዓት እላፊ እኮ ቀርቷል አላቸው።

«ማን አለ?» አሉና በሩን ሸጎሩት።

እኔ ነፃነት ወዳድ ሰው ነኝ። ያን ሁሉ አገር ሳቋርጥ መታወቂያ የወረሰ፣ ሳይመሽ በር የዘጋ ኬላ ያገኘሁት እዚያ ብቻ ስለሆነ ልቃወም ወደ ጓደኛዬ ዞር አልኩ። እሱ ጫማውን አውልቆ ጥግ ይዟል፤ አንገቱን ወደ ግራ አጣሞ ፈገግ ብሏል። ዘንባባዎቹን ሳናይ ሳምንት ሙሉ ተቀመጥን። ከሁለታችን ለመውጣት ይለፍ የጠየቀም የለ።