ሽማግሌ የተላከበት ቅያሪ

ሰው ማርጀቱን ከሁሉም በኋላ የሚሰማው ራሱ ባለቤቱ ነው። መጀመሪያ ጉልበቱ ይሰማል፤ ቀጥሎ ጎረቤት ይሰማል፤ ከዚያ የሚስት ዘመዶች ይሰማሉ። መንገድ ላይ አንድ ልጅ «አባባ ይለፉ» ብሎ ገለል ሲልለት እንኳ ሰውዬው ዘወር ብሎ ከኋላው የቆመውን አባባ ይፈልጋል። እርጅና ብቻህን ና ይባላል፤ ሕመም አስከትለህ አትምጣ ለማለት ነው። እኔ ደግሞ ማልያ ለብሰህም አትምጣ ብዬ እጨምርበታለሁ። ምክንያቴን ላጫውታችሁ፤ ብቻ ቁጭ በሉ፤ እኔም ቆሜ ማውራት ከተውኩ ሰንብቻለሁ።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ ኮሪደር የሚባል የእግር ኳስ ቡድን አለን። ያቋቋሙት ጭነት እየጠበቁ የሚውሉ የአገራችን የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። እኔ እንኳ ሾፌር አይደለሁም፤ የትራንዚት ሠራተኛ ነኝ፤ ኑሮዬም ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ነው። አንድ ዓርብ ከቤቴ ወጥቼ በሜዳው በኩል ሳልፍ አንድ ሰው ጎድሏቸው ጠሩኝ፤ ግራ ተከላካይ አደረጉኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስወጣኝ ጠፋ። ያኔ ፀጉሬ ጥቁር ነበር።

የኛ ቡድን አሰላለፍ የሚወጣው ወደቡ ላይ ነው። መርከብ የዘገየ እንደሆነ፣ ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ሳምንት የከረሙ እንደሆነ፣ ተጠባባቂ ሁሉ ይተርፈናል። ወደቡ በደንብ የሠራ ሳምንት ግን ሁሉም ጭኖ ወደ ጋላፊ፣ ወደ ድንበሩ ይነጉድና እኛ የቀረነው ሰባት ሆነን እንገባለን። እንግዲህ ላገር የሚበጀው ለኛ ጠንቅ ነው ማለት ነው፤ ይህን ሐሳብ ለባለሥልጣን ተናግሬ አላውቅም።

አምበላችን ጋሽ ወርቁ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከዚህ መንገድ ላይ የጨረሱ ሾፌር ናቸው፤ ኳስ የሚጫወቱትም እንደሚነዱት ነው። ኳሷ ስትደርሳቸው ይቆማሉ። ግራቸውን ያያሉ፤ ቀኛቸውን ያያሉ፤ ከኋላ የሚመጣ አለመኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ይነሳሉ። ለመዞር እንደ ተሳቢ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ። ግን አትሳቁ፤ ከቆሙበት የሚልኳት ረጅም ኳስ ያሰቧት ሰው እግር ሥር ሄዳ ነው የምታርፈው። እኛም ከሳቸው ተምረን አጨዋወታችን ይኸው ሆነ፦ ከጎላችን ፊት ተሰብስቦ መጠበቅ፣ ኳሷ ስትገኝ ለጋሽ ወርቁ መስጠት፣ እሳቸው አስበው እስኪጨርሱ መታገሥ።

ችግሩ የመጣው ዳንኤል አሠልጣኝ የሆነ ጊዜ ነው። ዳንኤል ከድሬዳዋ የመጣ ጎሚስታ ነው፤ የሾፌሮቹን ጎማ ቀን ይጠግናል፤ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ላይ የአውሮፓ ኳስ ያያል። አሠልጣኝ የሆነው ፊሽካ ስላለው ነው። እሱ የሚፈልገው ኳስ በተነጠቅን ቁጥር ወደፊት ሮጠን ተጋጣሚን እንድናስጨንቅ ነው። በጎማ መፍቻ ብረቱ አቧራው ላይ ቀስት በቀስት ሲስልብን በረኛችን ዮሴፍ በጥሞና ተመለከተና፣ «መሄዱስ ይሁን፤ መመለሻው እንዴት ነው?» አለው። ዮሴፍ ሾፌር ነው፤ ባዶ መመለስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዳንኤል ግን ተናደደ። የሚያሠለጥነው ታኬታ ከማጥለቁ በፊት ጉልበቱን በቅባት የሚያሽ ሕዝብ መሆኑን ረስቶታል።

አንድ ልማዳችንንም ልንገራችሁ። በኮሪደር «ውጣ» አይባልም። ዱሮ አንድ አሠልጣኝ አንድ ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት «ውጣ» ብሎ ነበር፤ ሰውዬው ወጣ፤ ኳሷም የሱ ነበረችና ይዟት ወጣ፤ መኪናውን አስነስቶ አዲስ አበባ ገባ። ለማስታረቅ የፈጀው ጊዜ አይነሣ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ይህ ሆነ፦ ሰው ራሱ «ደከመኝ» ብሎ ይወጣል፤ ካላለ ሽማግሌ ይላክበታል። ብዙ ጊዜ ሽማግሌ አያስፈልግም፤ ሁላችንም ቶሎ ይደክመናል። ጋሽ ወርቁ ግን አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ብለው አያውቁም።

ምክንያት አላቸው። በቅርቡ የመኪናዋ ባለቤት፣ ዓይናቸው ደክሟል ብሎ ቁልፉን ተቀብሏቸዋል። አገር ቤት የሚጠብቃቸው የቀረ ሰው ስለሌለ እዚሁ ቀሩ፤ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ ዘበኛ ናቸው፤ ዓርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ አምበል ናቸው። ያቺን ሰዓት ከወሰዳችሁባቸው ምን እንደሚቀራቸው አስቡት። እኔ ማሰቡን ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ያቺ ሰዓት ደግሞ የዋዛ አይደለችም። አገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚህ እሳት ነው የሚዘንበው። ከአሥር ሰዓት በፊት የመሬቱ ግለት በታኬታ ውስጥ ይገባል፤ ከአሥር በኋላ ነው ከባሕሩ ትንሽ ነፋስ የሚመጣው። ታዲያ በዚህ ሐምሌ የሰፈሩ ወጣቶች አለቃ አብዲ ወደኛ መጣ። ከሾፌሮች ጋር ስላደገ አማርኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አዴር፣ እኛ በዝተናል፤ ሜዳ ደግሞ የለንም። እንጋጠም፤ ካሸነፍን የዓርቡን ሰዓት ስጡን። ካሸነፋችሁ ወይም እኩል ከወጣን፣ ወላሂ ሁለተኛ አንጠይቅም» አለ። አዴር ማለት በነሱ ቋንቋ አጎቴ ማለት ነው። በአክብሮት ሲጠይቁህ እምቢ ማለት እንዴት ይከብዳል! ተስማማን።

በግጥሚያው ቀን እግዜር ይስጠው ወደቡ ተጨናንቆ ነበር፤ አሥራ አንድ ሞላን፤ በዋዜማው ከአዋሽ የገባ፣ እግሩ ገና ያልዛለ አንድ ሾፌርም ለተጠባባቂነት ተረፈን። ግን ጋሽ ወርቁን የሚተካ ዘበኛ ዘግይቶባቸው እሳቸው እስኪመጡ ድረስ አልጀመርንም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ወጣቶቹ ሳያጉረመርሙ ጠበቁን። ከኛ በኩል ደጋፊያችን አለምነሽ ብቻ ናት። ሆዳን በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምታድረው፤ ዓርብ ከሰዓት ዕረፍቷ ነው፤ የሁላችንንም ቁልፍ፣ ስልክና መነጽር በሳፋ ይዛ ከሜዳው ዳር ካለው ግንብ ሥር ትቀመጣለች።

ሲጀመር በዳንኤል ትእዛዝ ወደፊት ሮጥን። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበር። ወጣቶቹ ደንግጠው ኳሷን ወደ ውጭ ሲያወጡ አለምነሽ እልል አለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ጥቂት ቆይቶ ግማሾቻችን እዚያ ማዶ ወገባችንን ይዘን ቀረን፤ ኳሷ ወዲህ ማዶ ናት። መሐሉ ባዶ ሜዳ። አብዲ በኔ በኩል መጣ፤ አጠገቤ ሲደርስ፣ «ይቅርታ አዴር» አለኝና አለፈኝ። ገባ። ስንቱ ሲያልፈኝ ኖሯል፤ ይቅርታ ጠይቆ ያለፈኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው፤ ከጎሉ ይልቅ እሱ አመመኝ።

ዕረፍት ሊወጣ ሲል ቅጣት ምት አገኘን፤ ከመሐል ሜዳ ብዙም አይርቅም። ጋሽ ወርቁ ኳሷን አስቀመጡ። ግራ አዩ፤ ቀኝ አዩ። የወጣቶቹ በረኛ ሲጠብቅ ሰለቸውና ከጎሉ ወጣ ብሎ ካንዱ ጓደኛው ጋር ወሬ ጀመረ። ያን ጊዜ መቷት። አንድ ለአንድ ሆንን፤ እኔም ልጅ ሆኜ ዘለልኩ፤ ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል።

ዳንኤል ግን በዕረፍቱ ጠራንና፣ «ጋሽ ወርቁ ካልወጡ በሁለተኛው አጋማሽ ያርዱናል። መሐሉ የሚሮጥ ሰው ይፈልጋል» አለ። ውሸት አልነበረም። ሰዓቷን ለማትረፍ አምበሉን ማጣት፤ አምበሉን ለማቆየት ሰዓቷን ማጣት። «ሽማግሌ ይላክ» ተባለ። እኔና ዮሴፍ ተመረጥን፤ ሽማግሌ ደግሞ ከሦስት አይጎድልምና አለምነሽ ሳፋዋን አስቀምጣ ተነሳች።

ጋሽ ወርቁ ከግንቡ ሥር ውሃ ይጠጡ ነበር። ሦስታችንም ከፊታቸው ስንደረደር ገባቸው።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«ምንም አላጠፉም። ተልከን ነው» አልኩ።

«ታዲያ ቁጭ በሉዋ። ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል እንዴ?»

ቁጭ አልን። ሁሉን ያመጣው ይህ ቁጭ ማለት ነው። ሽምግልና ደግሞ ፊት ለፊት አይጀመርም። እኔ ቡድኑን ሲመሠርቱ ከነበረው ነገር ተነሳሁ። ዮሴፍ ሚሌ ላይ መኪናው ተሰብሮ ሲያድር አብረውት ያደሩትን አስታወሰ። ዳንኤል ከወዲያ ፊሽካውን ይነፋል። አብዲ መጣና፣ «አዴር፣ አንጀምርም?» አለ። አለምነሽ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ሽምግልና ነው» አለችው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተመለሰ፤ ጓደኞቹንም አስቀመጣቸው። በነሱም ዘንድ ሽማግሌ ከተቀመጠ አይቋረጥም።

በመጨረሻ እንደ ምንም ብዬ፣ «ጉልበትዎ ይረፍ፣ ለወጣቱ ይልቀቁለት ብለን ነው» አልኳቸው።

የማልያቸውን ጫፍ ስበው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«መኪናዋን ሲቀበሉኝ በስልክ ነው የነገሩኝ» አሉ። «ጋላፊ ቆሜ። ባለቤቷ፣ ቁልፉን ለረዳቱ ልጅ ስጠው አለኝ። ስጠው ነው ያለኝ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንቱ እንዳላለኝ። የሚለምነኝ ሰው ቢልክ፣ አንድ ሰው እንኳ ቢልክ፣ እሺ ነበር የምለው። እናንተ ለኳስ ሦስት ሰው ላካችሁብኝ።»

አለምነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ጋሽ ወርቁ ግን ሽምግልናው ጣፍጧቸዋል፤ ቶሎ እንዲያልቅባቸው አልፈለጉም። «እስቲ ዮሴፍም የሚለውን ልስማ» አሉ። ዮሴፍም የሚለውን አለ። «አለምነሽስ?» አሉ። አለምነሽም እያለቀሰች አለች። ከዚያ እሺ አሉ። እሺ ብለውም አልተዉትም፤ የሚተካቸውን ሾፌር አስጠርተው መመረቅ ጀመሩ። መሪህ አይሳት፤ ፍሬንህ ይያዝ፤ ከመንገድህ ፍትፍት አይለይ። እኛ አሜን እንላለን። ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። የመጨረሻውን አሜን ስንል መስጊዱ ላይ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ቀና ብል ዳንኤል የት እንደቆመ አይታየኝም፤ መሽቷል።

ወጣቶቹ ለሶላት ተነሱ። ሜዳው መብራት የለውም። አንድ ለአንድ፣ እኩል ለእኩል፤ ሰዓቷ የኛ ሆና ቀረች። አብዲ ሊሰናበት መጥቶ የጋሽ ወርቁን እጅ በሁለት እጁ ያዘና፣ «አዴር፣ ልምድ ማለት ይሄ ነው» አለ። «ወላሂ፣ እኛ ሰዓት መግደል መሬት ላይ መንከባለል ይመስለን ነበር።» ዳንኤል ቀስቶቹን በእግሩ ደመሰሰ።

ይህን ብዬ ባበቃሁ ደስ ባለኝ። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ወደቡ ተሳካለት። መርከቦቹ ተራገፉ፤ መኪኖቹ ጫኑ፤ ያ የተመረቀው ሾፌርም ሄደ። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ በታገልንላት ሰዓት ሜዳ የተገኘነው አራት ሰዎች ነን። ላም አለኝ በሰማይ። ወጣቶቹ ኳሳቸውን ይዘው ግንቡ ላይ ተደርድረዋል፤ ቃላቸው ቃል ነውና ዝንፍ አላሉም።

ጋሽ ወርቁ የታኬታቸውን ክር እያሠሩ ነበር። ቀና ብለው ሜዳውን አዩ፤ ግንቡን አዩ። ክሩን መፍታት ጀመሩ።

«አብዲ፣ ኑ ግቡ።»

«ሰዓቱ የናንተ ነው አዴር።»

«የኛ ስለሆነ ነዋ የምሰጥህ» አሉት። ቀጥለውም ማንም ሳይልክባቸው፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ «ደከመኝ» አሉ። ከአለምነሽ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ፤ እሷም ውሃ ሰጠቻቸው። የመጫን ተራው ገና ያልደረሰው ዮሴፍም እሳቸውን አይቶ ጓንቱን አወለቀ።

ወጣቶቹ ለሁለት ተከፍለው ሲቆጠሩ አንድ ሰው ጎደላቸው፤ ግራ ተከላካይ። አብዲ ጠራኝ፤ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ እጫወታለሁ፤ ይቅርታ እየተባልኩ እታለፋለሁ። አለምነሽ አንዳንዴ፣ «አንተስ መቼ ነው የሚደክምህ?» ትለኛለች። ሽማግሌ አልተላከብኝ ምን ቤት ነኝ ብዬ እደክማለሁ እላታለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከዕረፍት በፊት ነው፣ ጋሽ ወርቁ፣ ዮሴፍና አለምነሽ ከግንቡ ሥር ሲነሱ አየሁ። ሦስቱም አቧራቸውን አራግፈው፣ ጎን ለጎን ሆነው፣ በሜዳው ዳር ቀስ እያሉ ወደኔ በኩል መጡ። ጋሽ ወርቁ ለመቀመጫ የሚሆን ጥላ በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ማን ላይ ተልከው ይሆን ብዬ ዘወር አልኩ።

ከኋላዬ ከጎሉ በቀር ማንም አልነበረም።