«አይዋ» ያለ አይራብም

(መካ፣ ጀርወል፤ የአንዲት ያረጀች ሆቴል ደጃፍ። ጀውሀር ፕሮግራም ሠሪ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ሊያበቃ ደርሷል፤ ዛሬ ካልተቀጠረ መንገዱ ወደ አገር ቤት ነው። ከጂዳ፣ ከሸረፊያ ሰፈር ድረስ «አይዞህ» ሊለው አብሮት የመጣው የቀን ሠራተኛው ጓደኛው ኸድር ግን፣ ወሬ መች አልቆበት!)

ኸድር፦ እሰረው ብያለሁ!

ጀውሀር፦ ክራባቱ አነቀኝ እኮ!

ኸድር፦ ኢቃማው ከሚያንቅህ ክራባቱ ይነቅህ! ይልቅ ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ሲጠይቅህ ምን ትላለህ?

ጀውሀር፦ ዳታቤዝ ጠልቄ አውቃለሁ እላለሁ።

ኸድር፦ ሌላስ?

ጀውሀር፦ ሌላ አላውቅማ።

ኸድር፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) ሱብሃነላህ! ስማ፣ አሠሪ የሚወደው ሁለገብ ነው። ዲዛይን? አይዋ፣ አዎ በል! ማስታወቂያ? አይዋ! እኔ ጂዳ ከገባሁ «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም።

ጀውሀር፦ ባለፈው የቀባኸው ግድግዳስ?

ኸድር፦ እሱን ዝናብ ነው ያጠበው።

ጀውሀር፦ ሳሎን ውስጥ?

ኸድር፦ (እንዳልሰማ ሆኖ) ያላ፣ ግባ!

(ጀውሀር ቢስሚላህ ብሎ ገባ። ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ በርቷል፤ ክራባቱን ኪሱ ከቶታል።)

ጀውሀር፦ አልሐምዱሊላህ፣ ተቀጠርኩ! ኢቃማዬም ይታደሳል!

ኸድር፦ አላልኩህም? ሁሉንም አይዋ አልክ!

ጀውሀር፦ ኧረ ዲዛይን ሲለኝ አላውቅም፣ ማስታወቂያ ሲለኝ አላውቅም። የዑምራ እንግዳ ሲበዛ ክፍል መያዣው ፕሮግራም ለምን እንደሚቆም ግን አገኘሁለት። «በል ለእንግዳ ተቀባዮቹ አስረዳቸው» አለኝ፤ አስረዳሁ፣ ገባቸው። «የሚያውቀውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ያወቀውንም ለሰው የሚያስረዳ ነበር የቸገረኝ» ብሎ ያዘኝ።

ኸድር፦ አይ የዋህ! ያስቀጠርኩህ እኔ ነኝ። ሙዲሩ መሃል ላይ ብቅ ብሎ «ሙከይፉ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሲበላሽ መጠገን ይቻላል?» አለኝ። ላንተ ብዬ አይዋ አልኩ። ቧንቧ? አይዋ። ሊፍት? አይዋ። ከዛሬ ጀምሮ? አይዋ!

ጀውሀር፦ (ሳቁን ዋጥ አድርጎ) ኸድር፣ ስለ እኔ አልነበረም የጠየቀህ። ጥገና ሠራተኛው ጥሎት ሄዷል። «በር ላይ የቆመው ጓደኛህ፣ ማሻአላህ፣ የማይችለው የለም፤ እሱንም ቀጥሬዋለሁ» አለኝ፤ ስምህንም ነገርኩት።

ኸድር፦ እ?

ጀውሀር፦ ለመሆኑ ሙከይፍ ነክተህ ታውቃለህ?

ኸድር፦ ሪሞቱን።

ጀውሀር፦ ሊፍትስ?

ኸድር፦ ቁልፉን... ስወጣ ስወርድ።

ጀውሀር፦ እንግዲያው ፍጠን። ሙዲሩ አሁን ሲወርድ ሊፍቱ ቆሞበታል።

(ከሊፍቱ ውስጥ «ያ ኸድር! ያ ኸድር!» የሚል ጩኸት ተሰማ።)

ኸድር፦ (ልማድ ሆኖበት) አይዋ! (ወደ ጀውሀር ዞሮ፣ በሹክሹክታ) ጀውሀርዬ፣ አፈር ስሆን... «አላውቅም» በዐረብኛ ምንድን ነው የሚባለው?